ጀልባችን የታሰረችበት ግራር

ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው ምግብ ቤታችን ቀጥሎ ያለው ሱቅ የእንጨት በሩን ቫርኒሽ አስቀባ። ሽታው በኩሽናው መስኮት ገብቶ የሽንኩርቱን ሽታ ዋጠው። ቢላዬን አስቀምጬ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች የታመምኩ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። አልታመምኩም፣ ተናድጄ ነው። ቫርኒሽ ለእኔ የተካ ጀልባ ሽታ ነው። ተካ ባለቤቴ ነበር፤ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ያቺን ጀልባ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ልጃችን ገና ሕፃን ሳለች ጀምሮ አቁመናት ኖረናል፤ በቅርቡ ግን ማቆሚያዋን ተነጠቅን። የነጠቀን ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልብሰከሰክም ነበር። የነጠቀን ደንብ ነው። ደንቡን ይዞ የመጣው ልጅ ደግሞ ጨዋ ሆኖ የምሰድበው ሰው አጣሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ከሆዴ ላውጣው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ናይሮቢ የገባነው ብዙ ሰው በሞያሌ በኩል በሚመጣበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ፣ የለበስኩትን ግን አልረሳም፤ ቡናማ ጉርድ ቀሚስ፣ ከጊኮምባ የልባሽ ገበያ የገዛሁት ወፍራም ሹራብ፣ በላዩ ነጠላ። ሹራቡ የሌላ ሴት ሽታ ነበረው፤ ሦስቴ አጥቤው እንኳ አለቀቀም። ያኔ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሁሉ የኮንጎ ጊታር እያሰማ ነበር የሚበረው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጣሪያውን በመዳፉ ሲደበድብ ልቤ አብሮ ይደበደባል። ይወድቃል እያልኩ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ተካ ይስቅብኛል። «አንቺ ለማታውቂው ሰው ሁሉ ትሞቻለሽ» ይለኝ ነበር። መሃል ከተማ ከጋራዦቹ ጀርባ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበርና ሶፋ ይሰፋ ነበር። ምሳ ይዤለት ስሄድ ጥግ ላይ ካለችው ሻይ ቤት ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በሻይ እንበላለን፤ ሁለታችንንም የምታጠግበን ዋጋ ዛሬ ለአንድ ማስቲካ አትበቃም። ሶዳው በጠርሙስ ነው፣ ጠርሙሱን ሳይመልስ የሚሄድ ሰው በጩኸት ይመለሳል። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ባለፈው ሳልፍ ቆሜ ባየው ሻጩ ልገዛ መስሎት «ለየትኛው ስልክ ነው ማማ?» አለኝ። ለየትኛውም አይደለም አልኩት።

ጀልባዋ የመጣችው በዚያ የስፌት ሥራ ነው። አገሩ ሊገባ የተዘጋጀ አንድ ፈረንጅ ወንበሮቹን ሁሉ በተካ አሰፍቶ ሲጨርስ፣ ናይቫሻ ያለችውን የእንጨት ጀልባውን በሥራው ፋንታ ሰጠው። ባለቤቴ ያን ቀን ወደ ቤት የመጣው እየሮጠ ነበር። እኔ ያጣነውን የገንዘብ መጠን ሳስብ እሱ ስለ መቅዘፊያው ርዝመት ያወራል። ተካ የጣና ዳር ልጅ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ታንኳ መቅዘፍ የተማረ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በፔጆ ታክሲ ተጭነን ሄድን። ወደ ናይቫሻ የሚያወርደው ገደል ላይ ካሮትና ፕሪም የሚሸጡ ሴቶች፣ የበግ ቆዳ ባርኔጣ የደረደሩ ወንዶች መኪናውን ይከቡታል። እኔ ገደሉን ላለማየት ባርኔጣዎቹን እያየሁ ወረድኩ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ተካ መጀመሪያ ያየው ጀልባዋን አልነበረም፤ ደንገሉን ነው። «አየሽው? ደንገል! የእኛው ደንገል እኮ ነው!» እያለ ጫማውን ሳያወልቅ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ያኔ ጀልባ ለማቆም የሚጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከዳሩ ወዲያ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም ምዜ የሚሏቸው። ምዜ ማለት በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሌላ ስማቸውን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። አንድ ኪሎ ስኳር ይዞላቸው የሄደ ሰው ከቢጫዎቹ ግራሮች አንዱን በከዘራቸው ያሳዩታል፣ በቃ፣ የእሱ ነው። ለእኛ ያሳዩን ወደ ውሃው ያዘነበለውን ነበር። ተካ የመጀመሪያውን ቀን ቀዝፎ ሲጨርስ ጀልባዋን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ጎትቶ አወጣና በአራት ሰው እርዳታ ግራሩ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማት። በአገሩ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ከተቀዘፈ በኋላ ይወጣል፣ ቆሞ ይደርቃል። ምዜ ጎንበስ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጀልባህን ለምን ትሰቅላታለህ? ምን አጠፋች?» አሉት። በሳምንቱ ስንመጣ ጣውላዎቹ ደርቀው ተላቀዋል፤ ውሃ ላይ ስትወርድ በየስንጥቁ እንደ ወንፊት አስገባች። እንጨት እንደ ደንገል አይደለም ለካ፤ ውሃ ውስጥ ሲኖር ነው አብጦ የሚገጥመው። ምዜ ከነውሃዋ ሁለት ሌሊት ሰምጣ እንድትቆይ አደረጉ፤ ከዚያ ውሃውን ቀድተው ሲያወጡላት ጠብታ እንኳ አላስገባችም። ተካ ግን ትምህርቱን ከተቀበለ በኋላም ልማዱን አልተወም። ረጅም ጊዜ የማንመጣ ከሆነ አውጥቶ ያቆማታል፣ ስንመለስ ያሰምጣታል፣ ትጠጣለች፣ እንቀዝፋለን። ሰው ሁሉ ለመደው። «ሐበሻው ጀልባውን አስተኛ» ይሉ ነበር ቆማ እያዩዋት።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያቺን ጀልባ ወድጃት አላውቅም። የማየው ሐይቁ ውስጥ ያለውን ጉማሬ ነው። የማየው ሃናን ነው፤ አንድ ልጃችንን። እሷን በነጠላዬ ከወገቤ ጋር አስሬ ነበር ጀልባ ውስጥ የምቀመጠው፤ ፈረንጆቹ ያዩንና ይሳሳቃሉ። ትርፍ ልብስ፣ ቴርሞስ ሻይ፣ የቁስል መድኃኒት፣ ፊሽካ ሳይቀር እይዝ ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ እንኳ አንድ እሑድ ሃና ከነጠላው አምልጣ፣ ከአንዱ ጀልባ ወደ አንዱ እየዘለለች ስትጫወት ሁለት ጀልባዎች ተገጫጭተው እግሯን ያዟት። አልተሰበረችም፤ ግን የጩኸቷ ድምፅ ዛሬም አለ። ጀልባዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረቡ፣ ገመዱ እግር እየጠለፈ ነበር የሚቆሙት። ያን ቀን ዳሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ። «ይህ ሐይቅ ባለቤት የለውም? መንግሥት የለም ወይ እዚህ አገር?» አልኩ። ተካ ልጁን ታቅፎ፣ «ኖሮስ ምን ያድርግ? ግራሩን ቁጥር ይስጠው?» አለኝ። እግዜር ያን ጩኸቴን እንደ ስለት ቆጥሮ ይሰማኛል ብዬ አላሰብኩም።

መንግሥት መጣ። ምዜም አረፉ፣ ሆቴሎቹ በዙ፣ ሞተር ያላቸው ነጫጭ ጀልባዎች በዙ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ብርቱካናማ ኳሶች ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ቦያ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ቦያ ቁጥር አለው። ከእንግዲህ የመዝናኛ ጀልባ የሚታሰረው በተሰጠው ቦያ ላይ ብቻ ነው፣ ግራር ላይ ማሰር ክልክል ነው፣ ዳርቻው የሕዝብ ስለሆነ ምንም ነገር አይቀመጥበትም ተባለ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ባዶ ሆኖ የተገኘ ቦያ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ደግ ነው፤ እኔ የደንብ ጠላት አይደለሁም። ገመዱ ግራሮቹን እየበላቸው ነበር፣ ዓሣውም ደንገሉ ውስጥ ነው አሉ የሚራባው። ተካም አላኮረፈም። ቁጥሩን በቫርኒሹ ላይ በነጭ ቀለም ራሱ ጻፈው፤ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሕመሙ ጀምሮት ነበርና። ያልገባኝ ሌላ ነው። ደንቡን ሃና በስልኳ ከፍታ ስታነብልኝ፣ ስለ ገመዱ ውፍረት አለ፣ ስለ ቁጥሩ ቁመት አለ፣ አንዱ ጀልባ ካንዱ ስለሚርቅበት ርቀት አለ። «ልጅ ይዞ ስለሚቀዝፍ ሰውስ?» አልኳት። ጽሑፉን በጣቷ ወደ ታች ገፋች፣ ወደ ላይ መለሰች። «ማሚ፣ ይሄ እኮ ስለ ማቆም ብቻ ነው» አለችኝ።

ተካ ሲያርፍ ጀልባዋን ምን እናድርጋት የሚል ጥያቄ አልመጣም። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ለቅሶ ሊደርሱን ናይሮቢ ድረስ መጥተው ነበር፤ እነሱው አውጥተው ግራሩ ላይ አቆሟት፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው። ሙት ዓመቱ እስኪወጣና ጥቁሬን እስካወልቅ ማንም አይቀዝፍባት አልኩ። እሱ የተቀመጠበት ላይ ሰው ተቀምጦ ሲስቅ ማየት አልቻልኩም። በሃና በኩል ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እሄዳለሁ ትል ነበር፣ እኔም ጀልባዋ ደርቃ ብትቆም እንቅልፍ አገኛለሁ። ፈቃዱን አድሰናል። ሙት ዓመቱን አወጣን፣ ዝክሩን አበላን፣ ጥቁሬን አወለቅሁ። ገና ሳምንት ሳይሞላ ነው በሃና ስልክ ላይ መልእክት የመጣው፤ ቦያችሁ ባዶ ሆኖ ስለቆየ ቅዳሜ ለቁጥጥር ተገኙ የሚል።

ሃና በመኪናዋ ወሰደችኝ። እሷ አሁን መሃል ከተማ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት፤ ቢሆንም ገደሉ ላይ ስንደርስ «ቀስ» ማለቴን አልተውኩም። ተቆጣጣሪው ግራሩ ሥር ቆሞ ጠበቀን። ብራያን እባላለሁ አለ፤ ንጹሕ ሸሚዝ፣ በእጁ ታብሌት። በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ፖሌ ሳና ማማ ሃና። ስለ ባለቤትዎ ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ፖሌ ሳና እግዜር ያጽናዎት ማለት ነው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

«ግን ቦያው ባዶ ነው።»

«ሐዘን ላይ ነበርን። ጀልባዋ ያቻት፣ ከኋላህ ቆማለች።»

«እሱ ሁለተኛው ችግር ነው» አለ፣ ዞር ብሎ ሳያያት። «ዳርቻው የሕዝብ ነው። ምንም ሊቆምበት አይችልም።»

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

ሃና ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እሱ አልተቆጣም። ታብሌቱን በጣቱ እየገፋ ፈለገልኝ፤ በእውነት ፈለገልኝ። «ለጥገና የወጣ ጀልባ ይፈቀዳል፣ የጠጋኙ ወረቀት ካለ። ባለቤቱ ሆስፒታል ከሆነ ይፈቀዳል። ሐዘን የሚል ግን የለም ማማ።»

«ሆስፒታል ቢሆን ይፈቀዳል፣ ቢሞት አይፈቀድም?»

«እንደዚያ አልተጻፈም።»

«እንዴት ነው የተጻፈው ታዲያ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጀልባዋ ዛሬ ውሃው ላይ ብትሆን እኔ የማየው ዛሬን ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ማዶ ያሉትን አይቼ ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ። ቦያው ላይ ካገኘኋት አለች ብዬ እመዘግባለሁ» አለኝ።

«ሁለት ቀን ስጠን። እንጨቱ ደርቋል። ሰምጣ ውሃ መጠጣት አለባት፣ ከዚያ ይገጥማል።»

«ሰምጣ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ማማ፣ እንደሱ አይበሉ። የሕዝብ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ጀልባ በዚያኑ ቀን መነሳት አለበት። እሱማ ከባዶ ቦያ ይብሳል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብትደርቅ ጥፋት፣ ብትረጥብ ጥፋት። ምዜ ቢኖሩ በስኳር ይሁን በሳቅ ሁለት ሌሊት አይነፍጉንም ነበር። ከምዜ ጋር ሰው ይከራከራል፤ ከዚህ ልጅ ጋር የሚከራከር ሰው ግን ከታብሌቱ ጋር ነው የሚከራከረው፣ ታብሌቱ ደግሞ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም። በሞተር ጀልባው ሲሄድ ቆሜ አየሁት፤ ከመስጠም የሚያድነውን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬቱን በደንብ ቆልፎ ነበር። እናቱ ትመስገን።

ሃና ጫማዋን አወለቀች። «ማሚ፣ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ነው። ውሃውን እየቀዳሁ እይዛታለሁ።» አይሆንም አልኩ። «የባባ ቦታ ነው! ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሄጄ ሰው ጠራሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዋን አወረዱልን፣ ቦያው ድረስ ገፉላት፣ ሥራ ስለነበራቸው ሄዱ። ላይፍ ጃኬት አድርጊ ብላት ትልቁን የአባቷን አጥልቃ መቆለፊያው ዝጎ አልዘጋ አላት፤ አወለቀችው። እኔ ጫማዬን ግራሩ ሥር አስቀምጬ እንደ ልማዴ ረጅም ገመድ በጀልባዋ ኋላ አስሬ ጫፉን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። ቦያው ከዳር ሩቅ አይደለም፤ ግን እዚያ ውሃው ከሰው ቁመት ያልፋል።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ሃና በባልዲ ትቀዳለች፣ ትደፋለች፣ ወዲያው ቀና ብላ እጇን ታውለበልብልኛለች። ከዚያ ማውለብለቡን ተወች። ከዚያ መቀመጡን ተወች። በሁለት እጇ ነበር የምትቀዳው፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አባቷ ሲቸኩል እንደሚያደርገው ከንፈሯን ነክሳ። የጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውሃው እየቀረበ መጣ። ከደንገሉ ወዲያ ጉማሬው ሲተነፍስ ሰማሁት። ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ ነበር ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ ነው የሰማሁት።

«ሃና፣ በቃ! ነይ!»

«ትንሽ ነው የቀረው! ያውና እየመጣ ነው!»

እውነቷን ነው። ማዶ ነጭ የሞተር ጀልባ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ግን ጀልባው ትንሽ ነጥብ ነው፣ ውሃው ደግሞ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ገመዱን ጎተትኩ። ቦያው ላይ ታስራለችና አልመጣ አለኝ። ልብሴን እንደለበስኩ ውሃው ውስጥ ገባሁ፣ እስከ ወገቤ።

«ፍቺው!»

«ማሚ፣ ፕሊስ! አምስት ደቂቃ!»

«በአባትሽ አጽም ይዤሻለሁ፣ ፍቺው!»

ቀጥ አለች። በአባቷ ምዬባት አላውቅም ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ስሙን እንኳ በቁጣ አንስቼባት አላውቅም። ባልዲውን ጣለችና ጎንበስ ብላ ፈታችው። እየጎተትኩ፣ እየወደቅሁ፣ እየጮህኩ አመጣኋት። ጀልባዋ ግማሽ ውሃ ሆና ጭቃው ላይ ስትቀመጥ የሞተሩ ድምፅ ደረሰ። ብራያን መጀመሪያ ባዶውን ቦያ አየ፣ ከዚያ እኛን አየን፣ ሁለታችንም እንደ ተዘፈቀ ድመት። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር፤ እግዜር ያያል፣ ነበር።

«ማማ፣ ትንሽ ብትጠብቁኝ ኖሮ» አለ። ታብሌቱን አንስቶ ቦያውን ፎቶ አነሳው።

ጀልባዋን አንዱ ዓሣ አጥማጅ ግቢው አስገባልን፤ ከሕዝቡ ዳርቻ ላይ በዚያው ቀን መነሳት ነበረባትና። ቦያው ለሌላ መሰጠቱን የሚገልጽ መልእክት ደግሞ ገና መንገድ ላይ ሳለን ነው በሃና ስልክ ላይ የገባው። ስለ ትብብራችን አመስግነውናል። ለመስጠት ሁለት ቀን የለም የተባለበት አገር ለመውሰድ ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም።

ሃና ገደሉን ስንወጣ ማሞቂያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ፣ ያን ያህል ብቻ። ከዚያ መንገዱን እያየች፣ «ሊደርስ ነበር እኮ። አይተሽዋል። ለምን በባባ አማልሽኝ?» አለችኝ።

«ለአባትሽ አንድ ዓመት ጥቁር ለበስኩ» አልኳት። «ላንቺ የምለብሰው ዓመት የለኝም።»

የናይሮቢ መብራት መታየት ሲጀምር ነው ወደ እግሬ ዝቅ ብላ ያየችው።

«ማሚ፣ ጫማሽስ?»

ባዶ እግሬን ነበርኩ። ጫማዬን ዳሩ ላይ፣ ግራሩ ሥር፣ አጋጥሜ እንዳስቀመጥኩት ትቼው መጥቻለሁ።

«ተዪው» አልኳት። «የሕዝብ ዳርቻ ላይ ያለ ፈቃድ የቆመ ነው። ይውሰዱት።»

ሃና ሳቀች፣ መሪውን እስክትለቅ ድረስ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።